የአጂፕ ኩባንያ ታሪክ፦ በእርግጥ አዲስ ነገር ያመጣው የትኛው ምዕራፍ ነው?

ጥያቄ፦ የጂሬን መምህር

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። የታሪክ ክበባችን አባላት ለትምህርት ዘመኑ መዝጊያ የሚቀርብ የግድግዳ ዐውደ ርእይ እያዘጋጁ ሲሆን፣ ርእሱንም የመረጡት ራሳቸው ናቸው። አጂፕ የሚባለውን ሰፈር በከተማችን የማያውቅ የለም፤ ገበያው የሚጠራው፣ ባጃጅ የሚያዘውም በዚሁ ስም ነው። ይሁን እንጂ ስሙ የአንድ የጣልያን ነዳጅ ኩባንያ ስም መሆኑን ከተማሪዎቼ መካከል የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ፤ ካወቁ በኋላ ግን የኩባንያውን ታሪክ ከሥሩ ለመመርመር ተነሡ።

እስካሁን የሰበሰብነው የሚከተለውን ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አጂፕ በ1926 በሙሶሊኒ መንግሥት ውሳኔ የተቋቋመ የመንግሥት ኩባንያ ነው። በ1945 እንዲፈርስ ታዝዞ ነበር፤ የማፍረሱ ኃላፊነት የተሰጠው ኤንሪኮ ማቴይ ግን ሳያፈርሰው ቀረ። በ1952 ስድስት እግር ያለው ጥቁር ውሻ መለያው ሆነ፤ በ1953 ኤኒ በተባለው ብሔራዊ የኃይል ድርጅት ሥር ገባ። ማቴይ በጥቅምት 1962 ሚላን አቅራቢያ ባስካፔ በተባለ ስፍራ አውሮፕላኑ ተከስክሶ ሞተ።

የቸገረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ኩባንያዎች ታሪካቸውን ሲጽፉ እያንዳንዱን ዓመተ ምሕረት እንደ ድል ይደረድሩታል፤ ተማሪዎቼም ያገኙትን ሁሉ በሰንጠረዥ ሞልተው አመጡልኝ። እኔ የምፈልገው ቀን ብቻ የሆነውን ክስተት፣ የሰዎችን አሠራር በእርግጥ ከለወጠው ክስተት እንዲለዩ ነው። ግድግዳው የሚበቃው ለአራት ወይም ለአምስት ሰሌዳዎች በመሆኑ፣ የትኞቹን ብንመርጥ ተገቢ ይሆናል? ምክንያቱንም ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ። በተጨማሪም አገራችንን በወረረው መንግሥት እጅ የተወለደን ድርጅት፣ ጅማ ራሷ በወረራው ዘመን የጣልያኖች የደቡብ ምዕራብ አስተዳደር ማእከል ሆና ሳለ፣ ለልጆች እንዴት አድርጎ ማቅረብ እንደሚገባ ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ እወዳለሁ።


መልስ፦ ቦዬ

መምህር፣ የሥነ ምድር ባለሙያ እንደመሆኔ ከመሬት በታች ካለው ልጀምር። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሰሌዳ የሚገባው በሰሜን ጣልያን፣ በፖ ወንዝ ሜዳ ላይ ለተቆፈረው ለ1944ቱ የካቪያጋ ጉድጓድ ነው፤ ያውም ጋዝ ስለተገኘበት ብቻ ሳይሆን በተገኘበት ዘዴ ምክንያት ነው።

አጂፕ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘይት ይፈልግ የነበረው በአብዛኛው ምልክቱ በገጸ ምድር በሚታይባቸው ኮረብታማ ስፍራዎች ነበር። የፖ ወንዝ ሜዳ ግን ለዚህ ዓይነቱ ፍለጋ አይመችም፤ ወንዞች ለረጅም ዘመን ያከማቹት ደለል ከላይ ስለሸፈነው፣ ጋዝ ሊያቁር የሚችለው የታጠፈ አለት በጥልቀት ተቀብሮ ይገኛል፤ ሜዳው ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ ሥር ምን እንዳለ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ኩባንያው በ1940 አካባቢ አሜሪካውያን ሲሠሩበት የነበረውን የነጸብራቅ ሞገድ ቅኝት ወደዚህ ሜዳ አስገባ። አሠራሩን ተማሪዎች በቀላሉ ይረዱታል፦ ጥልቀት በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ትንሽ ፈንጂ ይፈነዳል፤ ንዝረቱ ወደ ታች ተጉዞ የአለት ንብርብር ሲያገኝ ከፊሉ ተመልሶ ይመጣል፤ በገጸ ምድር የተደረደሩ መሣሪያዎች ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ የወሰደበትን ጊዜ ይመዘግባሉ፤ ከጊዜውም ጥልቀቱ ይሰላል። ይህ በብዙ ነጥቦች ላይ ሲደጋገም የተቀበረው እጥፋት ቅርጹ በወረቀት ላይ ይወጣል። በዚህ ዘዴ ተመርቶ የተቆፈረው የካቪያጋ ጉድጓድ በምዕራብ አውሮፓ የመጀመሪያ የሆነውን ትልቅ የጋዝ ክምችት አስገኘ። ዘዴውን የፈጠረው አጂፕ አይደለም፤ ነገር ግን የሌላ አገር ዕውቀት ለራስ ምድር በትክክለኛው ቦታ ሲውል ምን ሊያስገኝ እንደሚችል ያሳየ በመሆኑ፣ ከብዙ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቶች ይልቅ ለተማሪ የሚጠቅም ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ማቴይ በ1945 ኩባንያውን እንዲዘጋ ተልኮ ሲመጣ ሐሳቡን ያስለወጡት ይህን ክምችት የሚያውቁት ቴክኒሻኖች ናቸው። ማቴይ ራሱ የነዳጅ ባለሙያ አልነበረም፤ በጦርነቱ ጊዜ ከካቶሊክ አርበኞች መሪዎች አንዱ የነበረ ነጋዴ ነው። የሚያውቁትን ሰዎች ማዳመጡና ትእዛዙን ችላ ብሎ ቁፋሮውን ማስቀጠሉ ለኩባንያው ሁለተኛ ልደት ሆነለት።

በ1949 ኮርቴማጆሬ ላይ ዘይት ተገኘ ተብሎ ጋዜጦች ያወሩትን ግን በትንሽ ጽሑፍ ብታልፉት ይሻላል። የተገኘው ዘይት ጥቂት ነበር፤ የቦታውን ስም ይዞ የወጣው ሱፐርኮርቴማጆሬ የተባለው ቤንዚንም በአብዛኛው ከውጭ በመጣ ድፍድፍ ላይ የቆመ ንግድ ነበር። እውነተኛው ሀብት ጋዙ ነው። ጋዝ ደግሞ በበርሜል ተቀድቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ መጋዘን ተቀምጦ ገበያ የሚጠብቅ ዕቃ አይደለም፤ ቱቦ ከሌለው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለተኛው ሰሌዳ ለቱቦው ይሁን። የአጂፕ እኅት ኩባንያ የሆነው ስናም ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ጣልያን የቱቦ መረብ በፍጥነት ዘረጋ፤ የድንጋይ ከሰል የሌላት አገር ፋብሪካዎቿን በራሷ ምድር በተገኘ ጋዝ ማንቀሳቀስ ጀመረች። የጋዙ መሸጫ ዋጋ የተተመነው ማውጣቱ ከጠየቀው ወጪ አንጻር ሳይሆን ተወዳዳሪዎቹ ከሆኑት ከሰልና የነዳጅ ዘይት አንጻር በመሆኑ፣ በሁለቱ መካከል የተፈጠረው ሰፊ ትርፍ የኋለኞቹን ሥራዎች ሁሉ በገንዘብ ደግፏል። ሠራተኞቹ ፈቃድ ሳይጠብቁ በሌሊት ቱቦ በከተማና በእርሻ ውስጥ እየቀበሩ ያልፉ እንደነበርም ይታወቃል፤ ማቴይም ይህን ከመደበቅ ይልቅ ይኮራበት ነበር። ተማሪዎችዎ ይህ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም ብለው ቢከራከሩበት መልካም ነው፤ እኔ በበኩሌ ማሳው የተቆፈረበትን ገበሬ ቃል መስማት እወድ ነበር።

የዚህ መስመር ጫፍ በ1983 ሥራ የጀመረው፣ ከአልጄሪያ ተነሥቶ በቱኒዚያና በባሕር ውስጥ አልፎ፣ በሲሲሊ በኩል እስከ ሰሜን ጣልያን የሚደርሰው የጋዝ ቱቦ ነው። አጠቃላይ ርዝመቱ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ የሲሲሊን የባሕር ወሽመጥ የሚያቋርጠው ክፍል ከ600 ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ ያልፋል። በዚያ ዘመን በእንዲህ ያለ ጥልቀት ቱቦ መዘርጋት ያልተለመደ ነበር። ችግሩ ቱቦው ከመርከቡ ወርዶ የባሕሩን ወለል እስኪነካ ድረስ በራሱ ክብደት መታጠፉና ሊሰበር መቻሉ ነው፤ በዚህ ምክንያት የቡድኑ አባል የሆነው ሳይፔም፣ ከፊል አካሉ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ማዕበል ብዙ የማያናውጠውን ካስቶሮ ሴይ የተባለ መርከብ ለሥራው አሰማራ፤ ቱቦውም ወደ ኋላ እየተሳበ፣ ውጥረቱ ተጠብቆ፣ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ይህ ቱቦ ዛሬ የሚጠራው በማቴይ ስም ነው።


መልስ፦ የድሮ ሹፌር

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በቦቴ ሹፌርነት ስላሳለፍኩ ስለ መንገዱ ብናገር ይፈቀድልኛል። ነዳጁ ከአሰብ ተነሥቶ ጅማ እስኪደርስ ድረስ የነበረውን ድካም የሚያውቅ ሰው፣ ቦዬ ስለ ቱቦ የጻፈውን በሌላ ዓይን ያነበዋል። ስለዚህ አንድ የአፍሪካ ታሪክ ይጨመርበት እላለሁ። በ1965 የሮዴዥያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጮች በራሳቸው ሥልጣን ነጻነት ካወጁ በኋላ፣ ባሕር በር የሌላት ዛምቢያ የነዳጅ መንገዷ ተዘጋባት። በአውሮፕላንና በጭነት መኪና ከዳሬሰላም ማመላለስ ግድ ሆነ፤ ሹፌሮች ያንን የጭቃ መንገድ የሲኦል ጉዞ ብለው እስኪጠሩት ድረስ ብዙ መኪና ገደል ገባ፣ ብዙ ሰውም አለቀ። ከዳሬሰላም እስከ ንዶላ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ቱቦ ዘርግቶ በ1968 ያደረሰው የኤኒ ቡድን ነው። ጅማ ላይ አጂፕ ስንል የምናስታውሰው ማደያውን ነው፤ እኔ ግን ከኩባንያው ሥራዎች ሁሉ ለሹፌር የሚቀርበው ይህኛው ነው ባይ ነኝ።

ማደያውንም ቢሆን አትናቁት። ማቴይ ማደያ ማለት ቀድቶ መሄጃ ብቻ መሆን የለበትም ብሎ፣ መስተዋት የሚጠርግ፣ የሞተር ዘይትና የጎማ ነፋስ የሚያይ ሠራተኛ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ቡናና ማረፊያ በአንድ ግቢ እንዲገኝ አደረገ፤ በመንገዶች ዳር ሞቴሎችንም ሠራ። ዛሬ ማንኛውም ማደያ የሚያደርገው በመሆኑ አዲስ አይመስልም፤ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል።


መልስ፦ አዌቱ

ቦዬም ሆኑ ጋሼ የድሮ ሹፌር የጻፉት ጥሩ ነው። ሆኖም የዚህን ኩባንያ ስም በዓለም ታሪክ ውስጥ ያስገባው በመሣሪያ የተሠራ ነገር አይመስለኝም፤ በወረቀት ላይ የተጻፈ ውል ነው። አንድ ሰሌዳ ብቻ ቢፈቀድ ኖሮ እኔ የምመርጠው በ1957 ከኢራን ጋር የተፈረመውን ስምምነት ነው።

አስቀድሞ የነበረውን ሁኔታ መናገር ያስፈልጋል። ኢራን በጠቅላይ ሚኒስትር ሞሳዴቅ ዘመን ዘይቷን ወደ መንግሥት ይዞታ አዛውራ፣ በ1953 እርሱ በመፈንቅለ መንግሥት ከተወገደ በኋላ፣ በ1954 የምዕራባውያን ኩባንያዎች ኅብረት ሥራውን ተረከበ። ማቴይ በኅብረቱ ለመግባት ጠይቆ አልተፈቀደለትም። ዓለምን የተቆጣጠሩትን ታላላቅ ኩባንያዎች ሰባቱ እኅትማማቾች ብሎ የሰየማቸው እርሱ እንደሆነ ይነገራል። በዚያ ዘመን በመካከለኛው ምሥራቅ ተቀባይነት ያገኘው አከፋፈል የእኩሌታ ነበር፦ ከትርፉ ግማሹ ለመንግሥት፣ ግማሹ ለኩባንያው።

የማቴይ ውል ስሌቱን እንዲህ ለወጠው። ከመቶ ብር ትርፍ ሃምሳው እንደተለመደው ግብር ሆኖ ለኢራን መንግሥት ይገባል። የቀረው ሃምሳ ግን ለጣልያኑ ኩባንያ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን የሚመራው ማኅበር ግማሽ ለግማሽ የኢራን ብሔራዊ የነዳጅ ኩባንያና የአጂፕ ስለሆነ፣ ሃምሳው እንደገና ለሁለት ተከፍሎ ሃያ አምስቱ ለኢራን ኩባንያ ይደርሳል። ስለዚህ ኢራን ሰባ አምስት፣ አጂፕ ሃያ አምስት ያገኛሉ። በአገራችን የእርሻ ልማድ ቢታይ፣ በእኩል ይታረስ የነበረ መሬት ለባለመሬቱ ሦስት እጅ፣ ለአራሹ እርቦ ሆነ እንደማለት ነው። በተጨማሪም የፍለጋውን ወጪ አስቀድሞ የሚችለው አጂፕ ነው፤ ዘይት ካልተገኘ ኪሳራው የራሱ ይሆናል፤ ሲገኝ ብቻ ወጪው ይታሰብለታል።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ትኩረት የሚሻው ግን የባለመሬቱ ቦታ መለወጡ ነው። ከዚያ በፊት አገሪቱ በመሬቷ ላይ የሚሠራውን በሩቅ እያየች ድርሻዋን የምትቀበል ነበረች፤ በአዲሱ ውል ግን ዜጎቿ በማኅበሩ ቦርድ ውስጥ ተቀምጠው ወጪውን፣ ቁፋሮውንና ሽያጩን አብረው ይወስናሉ። ሒሳቡን ያየ ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ድርድር ላይ የሚጠይቀውን ያውቃል። ማኅበሩ ያገኘው ዘይት መጠነኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ1958 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በተመሳሳይ የአከፋፈል ሥርዓት ከኢራን ጋር ተዋዋለ፤ የእኩሌታው ግድግዳም ዳግመኛ አልቆመም።

ማቴይ ይህን ያደረገው ለኢራን አዝኖ ነው ማለቴ አይደለም። ከበሩ ውጭ የቀረ ተወዳዳሪ ሌሎቹ የማይሰጡትን መስጠት ነበረበት። በ1960 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ያደረገውም ልውውጥ፣ ማለትም የብረት ቱቦና ሰው ሠራሽ ጎማ ሰጥቶ ድፍድፍ ዘይት በቅናሽ መውሰዱ፣ ከዚሁ ሁኔታ የመጣ ነው። ጎማው ይመረት የነበረው በራቬና በተሠራው ፋብሪካ ሲሆን ጥሬ ዕቃው ያው የፖ ሜዳ ጋዝ ነበር፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጣው የናይትሮጅን ማዳበሪያም በጣልያን ገበያ ላይ የማዳበሪያን ዋጋ እንዲወርድ አድርጓል። ማዳበሪያ በወቅቱ ባለመድረሱና በዋጋው ለሚቸገር የአካባቢያችን ገበሬ ልጅ፣ ዩሪያ ከተፈጥሮ ጋዝ እንደሚሠራ ማወቁ ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው።


መልስ፦ የኮቺ ልጅ

ለመምህሩ ሁለተኛ ጥያቄ እስካሁን መልስ የሰጠ የለም። የጻፋችሁትን ሁሉ በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ዐውደ ርእዩ ግን ሌላውን ገጽታ ካልያዘ ያልተሟላ ይሆናል።

አጂፕ የተቋቋመው ለጦርነትና ለቅኝ ግዛት የምትዘጋጅ አገር የራሷ ነዳጅ እንዲኖራት ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ አገራችን በወረራ ሥር ሳለች፣ በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ላይ ዘይት ፍለጋ ይቆፍር የነበረው ይኸው ኩባንያ ነው። ማቴይ ለአልጄሪያ ነጻነት ድጋፍ ማሳየቱና ለአዳዲስ ነጻ አገሮች የተሻለ ውል ማቅረቡ ከዚህ ታሪክ ቀጥሎ ሲቀመጥ ነው ክብደቱ የሚታወቀው፤ ብቻውን ሲቀመጥ ግን የማስታወቂያ ጽሑፍ ይሆናል።

ከማቴይ በኋላም ያለው ይነገር። በየካቲት 1994 ትሬካቴ በተባለ ስፍራ የኩባንያው ጥልቅ ጉድጓድ ከቁጥጥር ውጭ ወጥቶ ድፍድፍ ዘይት በሩዝ እርሻዎች ላይ ዘነበ። በ1993 በኤኒሞንት ስም የሚታወቀው የጉቦ ቅሌት ሲጋለጥ የኤኒ ፕሬዚዳንት የነበረው ጋብሪኤሌ ካሊያሪ ታስሮ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በናይጄሪያ የኒጀር ደለል ምድር የኩባንያው ቱቦዎች ያፈሰሱት ዘይት የዓሣ አጥማጆችን ወንዞች በክሏል፤ የኢኬቢሪ ማኅበረሰብ ጉዳዩን እስከ ሚላን ፍርድ ቤት አድርሶታል። ማቴይ ከፖለቲካ ፓርቲዎች ጋር የነበረው የገንዘብ ግንኙነት ለኋለኛው ቅሌት በር ከፋች እንደነበር ብዙ ጣልያናውያን ጸሐፊዎች ይስማማሉ። የእርሱንም አሟሟት በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ምርመራ አደጋ ነው ብሎ ቢዘጋም፣ በ1990ዎቹ ምርመራውን እንደገና የከፈተው ዐቃቤ ሕግ አውሮፕላኑ ውስጥ ፈንጂ እንደነበር ደምድሟል፤ ወንጀለኛው ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም። ተማሪዎቹ ይህን ሲጽፉ የታወቀውን ብቻ እንዲጽፉ አደራ እላለሁ።


ምላሽ፦ የጂሬን መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካቪያጋን ቅኝት፣ የቱቦዎቹን ካርታ ከዛምቢያው ጋር፣ የኢራንን ውል በስሌቱ፣ እንዲሁም የኮቺ ልጅ የዘረዘረውን በአራት ሰሌዳዎች እናደርጋለን። የዳህላኩን ቁፋሮ ከካቪያጋ አስቀድመን እናስቀምጠዋለን። የውሻውን ሥዕል መግቢያው ላይ መስቀል ለልጆቹ ደስታ ሲባል ይፈቀድልኝ፤ ስድስቱ እግሮች የመኪናው አራት ጎማዎችና የሹፌሩ ሁለት እግሮች ናቸው የሚለውን የኩባንያውን ማብራሪያ በጣም ወደውታል። አምስተኛው ሰሌዳ ባዶ ስለሆነ፣ ስለ ዘመናችን የሚጨመር ነገር ካለ ንገሩኝ።


መልስ፦ ቦዬ

ለአምስተኛው ሰሌዳ ሁለት ነገሮች አሰብኩ። አንደኛው በ2015 በግብፅ ባሕር የተገኘው ዞህር የተባለው ግዙፍ የጋዝ ክምችት ነው። ከባሕሩ ወለል ለመድረስ ብቻ 1,450 ሜትር ያህል ውሃ ማለፍ ግድ ሲሆን፣ ከተገኘ ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላው በታኅሣሥ 2017 ጋዝ መስጠት ጀምሯል። በዚህ ሙያ ይህ እጅግ ፈጣን ነው። ሆኖም ለተማሪ የሚያሳየው አዲስ አሠራር ብዙ አይደለም።

ስለዚህ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኤኒ በ2014 የቬኒስን፣ በ2019 የጄላን ማጣሪያ ከድፍድፍ ዘይት ወደ አትክልት ዘይት ማጣሪያነት ለወጣቸው። የአትክልት ዘይት በከፍተኛ ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ይወገድና ከናፍጣ ብዙም የማይለይ ነዳጅ ይሆናል። መጀመሪያ በብዛት ይጠቀሙ የነበረው የፓልም ዘይት ነበር፤ ፓልም ደን ያስመነጥራል የሚለው ተቃውሞ ስለበረታ እርሱን ትተው ሌሎች ምንጮችን መፈለግ ጀመሩ። ከነዚህም አንዱ በደንበር ጎረቤታችን በኬንያ ነው። ኩባንያው በ2022 ማኩዌኒ በተባለው አካባቢ የፍሬ መጭመቂያ ከፍቶ፣ ከገበሬዎች ከሚሰበሰበው ፍሬ የሚወጣውን ዘይት ወደ ጄላ መላክ ጀምሯል። ከፍሬዎቹ አንዱ በጅማ አጥርና በየመንገዱ ዳር የምናየው ጉሎ ነው።

ጉሎው በቀላሉ ስለሚገኝ ተማሪዎቹ ቅርንጫፉን ከነፍሬው አምጥተው ሰሌዳው ላይ ሊያያይዙት ይችላሉ፤ ፍሬው መርዛማ ስለሆነ ግን ትንንሽ ልጆች እንዳይቀምሱት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከሥሩም አዌቱ በኢራን ውል ላይ የሠራውን ዓይነት ሒሳብ ያስቀምጡ፦ ፍሬውን የሚገዛው፣ የሚጨምቀውና ባሕር አሻግሮ የሚያጣራው አንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ከአንድ ሊትር ነዳጅ ዋጋ ላይ ለማኩዌኒው ገበሬ ስንት እጅ እንደሚደርስ፣ በመጭመቂያውም ውስጥ የባለቤትነት ድርሻ ይኑረው ወይም አይኑረው ይጠይቁ።